አንድ ዓይናዋ ቮልስ

አጭሩን መብራት ሳበራ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ሰማያዊ አምፖል ድብዝዝ ብላ ትበራለች። የዚች አምፖል ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ረጅሙ መብራት ሲበራ ለሾፌሩ መናገር። አጭር ላይ ሆኜ ምን አገባት? ደግሞ በቅጡም አትበራም። ማታ ካልሆነ፣ ያውም በእጅ ከለል አድርገው ካላዩዋት አትታይም። ከሷ ጋር የግራው የፊት መብራት ደክሟል። ቀኙ መንገዱን ያሳያል፣ ግራው ራሱን ብቻ ያሳያል።

መኪናዋ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጀመሪያ የተሠራች ቮልስ ናት። ከአንድ ጡረተኛ ጎረቤት ነው የገዛኋት። ባለ 12 ቮልት ናት። ቀደም ያሉት ቮልሶች ባለ 6 ቮልት ነበሩና ይኼም አንድ ነገር ነው። ሞተሯ ከኋላ፣ የነዳጅ ታንከሯ ከፊት፣ ባትሪዋ ደግሞ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። (ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት ሲወሰዱ የተሳፈሩት ቮልስ ውስጥ ነበር፣ ከኋላ ወንበር። ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር እኔ የማስበው ከሥራቸው ስለነበረው ባትሪ ነው። ሰው መቼም የሚያስበው የራሱን ጣጣ ነው።)

ከተማ ውስጥ የመብራት ችግር ቶሎ አይታወቅም። በተለይ አሁን፣ የኮሪደር ልማቱ በደረሰባቸው መንገዶች ሌሊቱ ቀን መስሏል። የፊት መብራቱን ረስቶ ከቦሌ ፒያሳ የሚደርስ ሾፌር ሞልቷል። ጉዱ የሚወጣው ከከተማ ሲወጡ ነው። በደብረ ብርሃን መንገድ ለገዳዲን አልፈው፣ ሰንዳፋን ጨርሰው ሲወጡ ጨለማው ድንገት ይመጣል። አህያ ጭነቷን እንደያዘች በአስፋልቱ ዳር ትሄዳለች። ጋሪው አንጸባራቂ የለውም። ጥቁር የለበሰ ሰው መንገዱን ሲያቋርጥ የሚታየው አጠገቡ ከደረሱ በኋላ ነው።

የባሰው ግን እኔ የማላየው አይደለም፣ እኔን የሚያየው ነው። ከፊት ለፊት የሚመጣው ሾፌር የሚታየው የቀኜ መብራት ብቻ ነው። ዳሩን ይዞ የሚሄድ ሞተር ሳይክል እመስለዋለሁ። ሞተር ሳይክል ከሆንኩ ደግሞ መሃል መንገዱ ባዶ ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ መሃሉን ይዞ ይመጣል። እሱ ባዶ ነው ያለው ቦታ ላይ ያለው የግራ ፓራፋንጎዬ፣ የፊት ጎማው መከለያ፣ ነው። ሁለቱም መብራት የደከመ መኪና የአንዱን ያህል አያስፈራም። ቢያንስ መኪና መሆኑ ይታወቃል።

ምክር በሽ ነው። አንዱ "አምፖሉን ቀይረው" ይላል። ሌላው "ኤልኢዲ አስገባና ተገላገል።" ሦስተኛው ደግሞ "ሽጣት።" ሽጬስ ምን ልገዛ? ነዳጅ የሚጠጡ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተደረገ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ አሮጌ መኪና ያለው ሰው መኪናውን ይዞ መጸለይ ነው የሚያዋጣው። እናም ካቻቢቴና ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ይዤ ወረድኩ።

መጀመሪያ ምንም ገንዘብ የማይጠይቀውን ፍተሻ አደረግኩ። የግራውን አምፖል ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ቀየርኩ። አምፖሉ ጥፋተኛ ቢሆን ድክመቱ አብሮት ወደ ቀኝ መሄድ ነበረበት። አልሄደም። ግራው እንደ ደከመ ቀረ። ይኼ ፍተሻ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚወስደው፤ ሆኖም ስንት ሰው ደህና አምፖል ጥሎ አዲስ እንደሚገዛ የሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴዎች ይመስክሩ።

ቀጥሎ ፊውዝ። የቮልስ ፊውዝ አደራደር ደስ የሚል ነገር አለው። ለግራ ረጅም አንድ፣ ለቀኝ ረጅም አንድ፣ ለግራ አጭር አንድ፣ ለቀኝ አጭር አንድ፣ እያንዳንዱ የየራሱ አለው። ስለዚህ መኪናዋ ራሷ ትነግራችኋለች። የጠፋው የአንድ ጎን አንድ መብራት ብቻ ከሆነ ፊውዙን ወይም ከሱ ወደ መብራቱ የሚሄደውን ሽቦ እዩ። የሁለቱም ጎን አጭር ከጠፋ ሁለቱ ፊውዞች ተማክረው አይቃጠሉም፤ ችግሩ ከፊውዙ በፊት፣ ሪሌው (በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዞ ትልቁን የሚያሳልፈው ማብሪያ) ወይም ዋናው ማብሪያ ላይ ነው። የኔው ግን ከሁለቱም ወጣ ያለ ነው። ግራው በአጭርም በረጅምም ደክሟል። ሁለት ፊውዝ፣ ሁለት ሽቦ፣ አንድ ዓይነት በሽታ። ሁለቱ የሚጋሩት ነገር ምንድነው? አምፖሉ ነው፣ እሱን ነጻ አውጥተነዋል። ሌላው ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስባት ሽቦ ናት፤ ቡናማዋ።

ስለ ሽቦ ቀለም ትንሽ ልበል። ጀርመኖቹ ይኼን ነገር አንዴ ወስነው ጨርሰውታል። ቡናማ ማሳ ነው፣ ቦዲው ላይ የሚታሰረው ኔጋቲቭ። ቀይ በቀጥታ ከባትሪ የሚመጣ ነው። ጥቁር ቁልፍ ሲከፈት የሚነቃ። ቢጫ አጭር መብራት፣ ነጭ ረጅም መብራት። ከቀለሙ ሌላ ቁጥርም አለ፤ 30 ከባትሪ፣ 31 ማሳ፣ 56 ከማብሪያው የሚወጣው፣ 56ኤ ረጅም፣ 56ቢ አጭር። ቁጥሮቹ ሪሌውም ማብሪያውም ላይ በትንንሹ ተቀርጸዋል። ይኼን የያዘ ሰው የማያውቀውን የጀርመን መኪና ከፍቶ ግማሹን ማንበብ ይችላል።

ይኼ እንግዲህ ከፋብሪካ ስትወጣ ነው። በሃምሳ ዓመት ውስጥ እጁን ያስገባ ሁሉ ያገኘውን ቀለም ገጥሟል። በኔዋ ላይ ቢጫው ከዳሽቦርዱ ሥር ገብቶ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። አንድ ቦታ የስልክ ሽቦ የሚያህል ቀጭን ነገር አራት ጊዜ ተጠማዞ በፕላስተር ታስሯል። ፕላስተሩ ቀልጦ እጅ ላይ ይጣበቃል። የሠራውን ሰው አልረግመውም፤ ምናልባት ማታ ነበር፣ ምናልባት ዝናብ ነበር። ግን ቀለሙን ቢጠብቅልኝ ምን ነበረበት?

ቴስተሩን ይዤ የግራውን አምፖል ነቅዬ ሶኬቱን ለካሁ፤ በቢጫውና በቡናማው መካከል 12.4 ቮልት። ባትሪው ራሱ 12.4 ነው። ሙሉ በሙሉ ጤነኛ! ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ሽቦው ደህና ነው ብሎ ወደ አምፖሉ የሚመለሰው። ሰፈራችን አንድ የድሮ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪ አሉ። አሁን ዓይናቸው ስለደከመ እቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው ነው የሚውሉት። ቁጥሩን ስነግራቸው ሳቁ።

"ልጄ፣ አምፖል ሳይጫንበት የተለካ ቮልት ሐሜት ነው። አትመነው።"

"ታዲያ ጋሼ፣ እንዴት ልለካ?"

"እያበራህ ነዋ። ሥራ ላይ ያዘው።"

ነገሩ ወዲህ ነው። ቴስተር ቮልት ሲለካ የሚስበው ኤሌክትሪክ ከምንም አይቆጠርም። ሽቦው ውስጥ አንዲት የመዳብ ክር ብቻ ተርፋ ቢሆን፣ ወይም ብሎኑ ዝገት ላይ ተቀምጦ ቢሆን፣ ለቴስተሩ በቂ ነው፤ 12.4 ይላል። አምፖሉ ግን ሥራ አለበት። የቮልሷ አጭር መብራት 40 ዋት ነው፤ በ12 ቮልት ከ3 አምፔር በላይ ይስባል። ያ ሁሉ በዝገቱ በኩል ልለፍ ሲል ቮልቱ እዚያው ያልቃል። አምፖል የለም ማለት ጭነት የለም፤ ጭነት ከሌለ ድክመቱ አይታይም።

አምፖሉን መለስኩ። አጭሩን አበራሁ። ከዚያ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በረጅም ሽቦ ቀጥዬ ከኋላ ወንበር ሥር ካለው የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አሰርኩ፤ ሌላውን ጫፍ ከመብራቱ ጀርባ ቡናማዋ ሽቦ ላይ ነካሁ። እዚህ መነበብ ያለበት ዜሮ ወይም ከዜሮ ትንሽ ፈቀቅ ያለ ቁጥር ነው፤ ሁለቱም ኔጋቲቭ ናቸውና። ቴስተሩ ከ4 በላይ አለ። ከ12ቱ ውስጥ 4ቱ ቮልት አምፖሉ ጋ አልደረሱም ማለት ነው። በመመለሻው መንገድ ላይ ቀልጠው ቀርተዋል።

የሰማያዊዋም ነገር የተፈታው እዚሁ ላይ ነው፤ እንዲያውም ከሁሉም የወደድኩት ይኼን ነው። አንድ አምፖል ውስጥ ሁለት ክር አለ፣ የአጭርና የረጅም። ሁለቱም የሚመለሱት በአንዲት ቡናማ ሽቦ ነው። ቡናማዋ ስትዘጋ በአጭሩ ክር የገባው ኤሌክትሪክ መውጫ ያጣል። ግን ዝም ብሎ አይቆምም። በረጅሙ ክር በኩል ወደ ኋላ ይሄዳል፣ በነጩ ሽቦ ወደ ፊውዙ ይመለሳል፣ ከዚያ ወደ ቀኙ መብራት ረጅም ክር ይሻገርና የቀኙን ማሳ ያገኛል። መንገድ ላይ ሰማያዊዋ አምፖል አለች፤ እሷንም ነካ አድርጓት ያልፋል። ሦስት ክር በተራ የተካፈለው 12 ቮልት ምን ያህል ያበራል? ድብዝዝ። ሰማያዊዋ ያለ ቦታዋ የምትበራው ኤሌክትሪኩ በጓሮ በር ስለሚወጣ ነው። እኔ እንደ ብልሽት ያየኋት ነገር በሽታውን የምትናገር እሷ ብቻ ነበረች።

የመብራቱን ቀለበት ፈትቼ ወደ ውስጥ አየሁ። ቡናማዋ ሽቦ በአንድ ብሎን ፓራፋንጎው ላይ ታስራለች። ብሎኑን ስፈታው ከሥሩ የወጣው ብረት አልነበረም። መጀመሪያ አረንጓዴ ዱቄት፣ የመዳብ ዝገት። ከሱ ሥር ክሬም ቀለም። ከክሬሙ ሥር የድሮው ሰማያዊ ቀለም። ከዚያ ስቱኮ። በጥፍሬ ፈቀፍኩት፣ ብረት የለም። ቮልሷ ቀለም ስትቀባ ፓራፋንጎው ወልቆ፣ ከጀርባም ከፊትም አምሮ ተቀብቶ ተመልሷል። ብሎኑም በቀለሙ ላይ ታስሯል። በፓራፋንጎውና በቦዲው መካከል ደግሞ አዲስ የፕላስቲክ ማሰሪያ ገብቷል። ማሳው የሚያልፍበት ብቸኛ መንገድ የፓራፋንጎው ብሎኖች ናቸው፤ እነሱም ተቀብተዋል። ቀለም ሠሪው ሥራውን በደንብ ሠርቷል እኮ። በደንብ በመሥራቱ ነው መብራቱ የጠፋው።

ከመፋቄ በፊት አንድ ነገር ሞከርኩ። አንድ ቁራጭ ሽቦ ወስጄ አንዱን ጫፍ ቡናማዋ ላይ፣ ሌላውን ኮፈኑ ውስጥ ካለ ንጹህ ብሎን ላይ ነካሁ። ግራው መብራት ቦግ አለ። ሰማያዊዋ ያኔውኑ ጠፋች። ነቀልኩት፣ መብራቱ ደከመ፣ ሰማያዊዋ ተመለሰች። እንደ ልጅ ደጋግሜ አደረግኩት።

ጥገናው ከዚህ በኋላ የጉልበት ሥራ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ ነጭ እስኪሆን ፋቅኩ። አዲስ ሮንዴላ፣ አዲስ ብሎን፣ ላዩ ላይ እርጥበት እንዳይገባ ቫዝሊን። ፓራፋንጎውን ግን ዳግመኛ አላመንኩትም። ሌላ ቡናማ ሽቦ ጨምሬ በቀጥታ ከቦዲው ጋር አሰርኩ። ቀለሙ ቡናማ ነው፣ የሚቀጥለው ሰው እንዳይረግመኝ።

አሁን ሁለቱም እኩል በሩ። እኩል ግን ቢጫ ናቸው። አንዱ ሲሻል ነው የሁለቱ ድካም የታየው። እንደገና እያበራሁ ለካሁ፤ ባትሪው ላይ 12.4፣ አምፖሉ ላይ 10.9። አንድ ተኩል ቮልት ጠፍቷል። ትንሽ ይመስላል። የክር አምፖል ብርሃን ግን ከቮልቱ በጣም በፈጠነ መጠን ነው የሚወርደው። ቮልቱ ከመቶ አስር ሲቀንስ ብርሃኑ ከመቶ ሠላሳ ገደማ ይቀንሳል። በኔ ቁጥር ሲሰላ ከብርሃኑ ሲሶው የለም። አምፖል ሻጩ ሊሸጥልኝ የፈለገው "ጠንካራ አምፖል" ይኼን አይመልስም፤ እንዲያውም የበለጠ ስለሚስብ የበለጠ ያባክናል።

የጠፋው የት ነው? መንገዱን ተከተልኩት። ኤሌክትሪኩ ከኋላ ወንበር ሥር ተነስቶ እስከ ዳሽቦርዱ ይመጣል፣ በማብሪያው ያልፋል፣ በሪሌው ያልፋል፣ በፊውዙ ያልፋል፣ ከዚያ ነው መብራቱ ጋ የሚደርሰው። በየመገጣጠሚያው የቴስተሩን ሁለት ጫፍ ከወዲህና ከወዲያ አድርጌ መብራቱ እንደበራ ለካሁ። ጤነኛ መገጣጠሚያ ከዜሮ ብዙም አይርቅም። የማብሪያው 0.6 አለ። አንዱ የፊውዝ መያዣ 0.4። የቀረው እዚህም እዚያም ተበታትኗል።

የፊውዝ ሳጥኑን ስከፍት ሌላ ጉድ ጠበቀኝ። ከፊውዞቹ አንዱ በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ተጠቅልሏል። አገር ያወቀው ዘዴ ነው። መንገድ ላይ ለቀረ ሰው እስከ ጋራዥ ያደርሳል ይባል ይሆናል፣ ግን አንዴ ከተጠቀለለ ማን ይፈታዋል? የቮልስ የመብራት ፊውዝ ከ8 አምፔር አልፎ ሲጫንበት እንዲቀልጥ የተሠራ ቀጭን ብረት ነው። ብርማ ወረቀቱ አይቀልጥም፤ ሽቦው ነው የሚቀልጥ። እዚህች መኪና ላይ ደግሞ ከፊውዝ ሳጥኑ ብዙም ሳይርቅ፣ ኮፈኑ ውስጥ፣ ያለው የቤንዚን ታንከር ነው። ወረቀቱን ገልጬ ጣልኩት፤ አራቱንም መያዣዎች ፋቅኩ፣ ቄጤማ የመሰለ አረንጓዴ አቧራ ወጣ። ፊውዞቹን ሁሉ በአዲስ ቀየርኩ።

ማብሪያውን ከመቀየር ይልቅ ሸክሙን ቀነስኩለት። ሁለት ሪሌ ገዛሁ፣ አንዱ ለአጭር፣ አንዱ ለረጅም። ድሮ መብራቱን የሚሸከሙት ቢጫና ነጭ ሽቦዎች አሁን ሪሌዎቹን ብቻ ያዛሉ፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ ኢምንት ነው። መብራቱን የሚሸከመው ከባትሪው በቀጥታ የመጣ አዲስ ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ነው። ፊውዙ ባትሪው አጠገብ መሆን አለበት። ብዙ ሰው ሪሌው አጠገብ ያደርገዋል፤ ያኔ ከባትሪው እስከ ሪሌው ያለው ሽቦ በሙሉ ጠባቂ የለውም፣ መኪናዋን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጠው ደግሞ እሱ ነው። ከዚህ በኋላ አምፖሉ ላይ 12.1 አነበብኩ። አምፖሎቹ እነዚያው የድሮዎቹ ናቸው።

ኤልኢዲን በተመለከተ ጠላትነት የለኝም። ለሱ ተብሎ በተሠራ መብራት ውስጥ ሲሆን ድንቅ ነው። የድሮ መብራት መስታወትና አንጸባራቂ የተሠራው ግን ክሩ አንዲት ቦታ ላይ ይሆናል ተብሎ ነው። ብርሃኑ ከሌላ ቦታ ከተነሳ መስመሩን ስቶ ይበተናል። ለሾፌሩ ነጭና ብሩህ ይመስለዋል፤ ከፊቱ ለሚመጣው ሰው ዓይን የሚያወጣ ነገር ነው። ማታ በደብረ ዘይት መንገድ የሚያስለቅሱን አብዛኞቹ ረጅም ያበሩ አይመስለኝም። አጭር ላይ ሆነው ነው።

የመጨረሻው ሥራ ማነጣጠር ነው፤ እዚህ ላይ ጋራዦች ይቸኩላሉ። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ ከግድግዳ 5 ሜትር ላይ አቆምኩ። የአጭሩ መብራት የላይኛ ጠርዝ በ10 ሜትር 10 ሴንቲሜትር ያህል መውረድ አለበት፤ በ5 ሜትር 5 መሆኑ ነው። ቮልስ ላይ ለዚህ ሁለት ብሎን አለ፣ አንዱ ላይና ታች፣ ሌላው ግራና ቀኝ። ሾፌር ወንበር ላይ ሰው መቀመጥ አለበት። ከኋላም ሰው የምትጭኑ ከሆነ ጫኑና ለኩ፣ ኋላዋ ሲወርድ አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ነው የሚያየው። አሮጌ መስታወት ከሶማሌ ተራ ስትገዙ ደግሞ ከየት አገር መኪና እንደተነቀለ ጠይቁ። እኛ በቀኝ ነው የምንነዳ፤ አጭር መብራታችን ወደ ቀኝ ዳር ከፍ ይላል። በግራ ከሚነዱበት ከጃፓን ወይም ከእንግሊዝ የወጣው ወደ ግራ ከፍ ይላል፣ በቀጥታ የሰው ፊት ላይ። ግድግዳው ላይ አንዴ ካበራችሁት ይለያል።

አሁን ፍሬን ስረግጥ የኋላው የቀኝ ፍሬቻ አብሮ ይበራል። ቅዳሜ ቡናማዋን ሽቦ ፍለጋ ወደ ኋላ ልዞር ነው።